ነጋዴ ድምፅ ይግዛ፣ ካሜራውን ይተው

በአዲስ አበባ ገበያ ስልክ የነጋዴው ሁለተኛ ሱቅ ከሆነ ውሎ አድሯል። የእህል በረንዳው ጅምላ ሻጭ ገና መንገድ ላይ ላለ ጤፍ ዋጋ የሚቆርጠው በስልክ ነው። ደላላው ገዥና ሻጭ የሚያገናኘው፣ አስመጪው ጂቡቲ ስለ ደረሰ ኮንቴይነሩ የሚጠይቀው፣ ቡና ላኪው ጅማ ካለው አቅራቢ ጋር የሚስማማው በስልክ ነው። ይኸው ነጋዴ ሚዛን ሲገዛ ደጋግሞ ይፈትሻል። ቀፎ ሲገዛ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ካሜራው ስንት ነው? ሜሞሪው ስንት ይይዛል? ስክሪኑ ምን ያህል ሰፊ ነው? ድምፅ አጥርቶ ያሰማል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

መስመር ሲመርጥም እንደዚሁ ነው። ማስታወቂያ የሰማውን፣ ጓደኛው የያዘውን ወይም የጥቅል ስጦታው የበዛውን ያነሳል። እርሱ በሚቀመጥበት ሱቅና ደንበኛው ባለበት ከተማ መካከል ጥሪው ሳይቆረጥ ያልፋል ወይ የሚለው ዋናው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። ውጤቱ የታወቀ ነው። “አይሰማም፣ ድገመው”፣ “ውጣና ደውልልኝ”፣ “ኔትወርኩ ነው” እየተባለ ሰዓት ይባክናል፣ ዋጋ ይሳሳታል፣ ጭነት ለሌላ ይሸጣል።

አንድ ፊደል ስንት ያወጣል?

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ካለ የአማርኛን ቁጥር ያስብ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጀምራሉ። “ስድስት ሺህ” እና “ስምንት ሺህ” የሚለዩት በመሀልና በመጨረሻ ባሉ ጥቂት ድምፆች ብቻ ነው። በተቆራረጠ መስመር ላይ የሚጠፉት ደግሞ እነዚያው ናቸው። በአንድ ኩንታል የሁለት ሺህ ብር ልዩነት በመቶ ኩንታል ሲባዛ ሁለት መቶ ሺህ ብር ይሆናል።

ይህ የጆሮ ጥፋት ብቻ አይደለም። ተራው የስልክ ጥሪ የሰውን ድምፅ ሙሉውን አያሳልፍም። ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ወስዶ የቀረውን ይጥለዋል። እንደ “ስ” እና “ፍ” ያሉት ድምፆች ጉልበታቸው የሚበዛው ከዚያ በላይ በመሆኑ በስልክ ሲሰሙ ይቀራረባሉ። ኤችዲ የሚባለው የተሻሻለው ጥሪ ከ50 እስከ 7,000 ኸርዝ ድረስ ስለሚያሳልፍ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ይሁንና ይህ ጥራት የሚገኘው የሁለቱም ሰዎች ቀፎና መስመር ሲችለው ነው። ከሁለቱ አንዱ ካልቻለ፣ ወይም በሁለት ኩባንያዎች መካከል ያለው መገናኛ ካልደገፈው፣ ጥሪው ወደ ተራው ይመለሳል። ስለዚህ ውድ ቀፎ የገዛ ነጋዴ ገጠር ካለው አቅራቢው ጋር ሲያወራ የከፈለበትን ጥራት ላያገኘው ይችላል።

አማራጩ ከመቼ ወዲህ?

ለብዙ ዘመን ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ሞባይል አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ከበለጠ ጊዜ ሞባይል የያዘ ሁሉ የአንድ መንግሥታዊ ድርጅት ደንበኛ ነበር። ጥሪው ቢቆረጥ ከመማረር በቀር መሄጃ አልነበረውም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመና በሩን ከፈተ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ። ተወዳዳሪው ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ሙከራ ጀምሮ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከፈተ። ከዚያን ቀን ወዲህ በ09 የሚጀምርና በ07 የሚጀምር ቁጥር ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ጥያቄው በዚህ መልኩ ሲቀርብ መልስ የለውም። “የትኛው መኪና ይሻላል?” ብሎ መንገዱን ሳይናገር እንደሚጠይቅ ሰው መሆን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ለአሥርት ዓመታት የዘረጋው መረብ አለው። በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ 78.3 ሚሊዮን ደንበኛ እንዳለው አስታውቋል። አዲሱ ኩባንያ ደግሞ መረቡን ከከተሞች ጀምሮ እያሰፋ የመጣ ነው። እንግዲህ ሥራው ከገጠር ጋር የተሳሰረ፣ ከሰሊጥ፣ ከቡና፣ ከከብት፣ ከእህል ጋር የሚውል ነጋዴ ዋና መስመሩን ከነባሩ ቢያደርግ ያዋጣዋል። ውሎው ከተማ ውስጥ የሆነ፣ ደንበኛውም ከተሜ የሆነ ደላላ ግን ሁለቱንም በሚቀመጥበት ቦታ ሳይፈትሽ አንዱን መምረጥ የለበትም።

ፈተናው ከባድ አይደለም

የመጀመሪያው ሥራ ስልኩን ከፍቶ በወሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደወለላቸውን ሃያ ቁጥሮች ማየት ነው። ስንቱ በ09፣ ስንቱ በ07 ይጀምራል? በምን ከተማ ይገኛሉ? የነጋዴው ገበያ ካርታ እዚያው ላይ ተሥሎ ይገኛል።

ሁለተኛው ሥራ የሁለቱንም ሲም ይዞ ለአንድ ሳምንት መሞከር ነው። ሲም ለማውጣት መታወቂያ ይዞ መሄድ ይጠይቃል እንጂ ወጪው ከአንድ የተበላሸ ውል ጋር አይነጻጸርም። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ማታ 11 ሰዓት ላይ ከሱቅ ውስጥ፣ ከመጋዘን ውስጥና ከመኖሪያ ቤት አሥር አሥር ጥሪ ይደረግ። ስንቱ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ? ስንቱ መሀል ላይ ተቆረጠ? ስንቱ “ድገመው” አስባለ? በደብተር ላይ ይጻፍ። ከሳምንት በኋላ መልሱ ከማንም ማስታወቂያ ይልቅ ጥርት ብሎ ይታያል።

ሦስት ሰዓት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በስልኩ ጫፍ ላይ የሚታዩት የሲግናል መስመሮች የሚናገሩት ማማው መሰማቱን ብቻ ነው። በማማው ላይ ቦታ መኖሩን አይናገሩም። ታክሲው ቆሞ ይታያል፣ ወንበር ግን የለውም እንደ ማለት ነው። በሥራ መውጫ ሰዓትና በበዓል ዋዜማ መስመሩ ሙሉ እየታየ ጥሪ አልገባ የሚለው ለዚህ ነው። ጠዋት በባዶ ሰዓት የተፈተነ መስመር ማታ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከሱቅ ውስጥ ይፈተን የተባለውም ምክንያት አለው። የብረት ቆርቆሮ፣ ወፍራም ኮንክሪትና የሚያንጸባርቀው የአዳዲስ ሕንፃዎች መስታወት ሞገድ ያግዳሉ። መርካቶ ውስጥ ምድር ቤት ያለ ሱቅ ከደጁ አሥር እርምጃ ርቆ ሌላ ዓለም ነው። እንደ 900 ሜጋኸርዝ ያለው ዝቅተኛ ሞገድ ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻለዋል። እንደ 1800 እና 2100 ያሉት ከፍተኛዎቹ በቶሎ ይደክማሉ። ስለዚህ ፈጣን ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሁሉ ጥሩ ጥሪ ያለበት ቦታ ነው ማለት አይቻልም።

ቀፎው ላይ ምን ይታይ?

ባለ 4ጂ ቀፎ የያዘ ብዙ ሰው በ4ጂ የሚያወራ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ቮልቲኢ የሚባለው አገልግሎት በቀፎውም በመስመሩም ካልተከፈተ ስልኩ ጥሪ ሲመጣ ወይም ሲደወል ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። በዚህ መውረድ ጥቂት ሴኮንዶች ያልፋሉ፣ ደካማ ቦታ ላይ ጥሪው ሳይገባ ይቀራል። ስለዚህ ገዥው ሻጩን ሊጠይቅ የሚገባው “4ጂ ነው?” ብሎ ብቻ አይደለም። “ይህ ሞዴል በዚህ መስመር ላይ ቮልቲኢ ይሠራል?” ብሎ ይጠይቅ፤ ሲሙን አስገብቶም ያረጋግጥ። ሲደወል ምልክቱ ከ4ጂ ወደ ሌላ ከተለወጠ መልሱ ታውቋል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ስልክ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። አንደኛ፣ በአሜሪካ ኩባንያ የተቆለፈ ከሆነ የኢትዮጵያን ሲም አይቀበልም። ሁለተኛ፣ ለዚያ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ሞዴሎች እዚህ የሚሠራባቸውን ሞገዶች ሁሉ አይዙም። ሦስተኛ፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎን 14 እና ተከታዮቹ የሲም ካርድ ማስገቢያ ጭራሽ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም ብቻ ነው። ዘመድ በደግነት የላከው ውድ ዕቃ ለነጋዴው ሥራ ሳይሆን ለፎቶግራፍ ብቻ ሊቀር ይችላል። ከመላኩ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ማስላክ ገንዘብም ቅሬታም ያድናል።

ኮፒና ኦሪጅናል መለየትም የገበያው የዘወትር ራስ ምታት ነው። *#06# ሲደወል ስክሪኑ ላይ የሚወጣው አይኤምኢአይ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ ዕቃው ይመለስ። በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ቢገጥምም ነገሩ አላለቀም። ታድሶ የመጣ ስልክ የጆሮ ስፒከሩና ማይኩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ከሱቁ ሳይወጡ ደውሎ መነጋገር ይገባል። ያውም ጸጥ ባለ ቦታ ሳይሆን መንገድ ዳር፣ መኪናና ጫኝ አውራጅ በሚጮኽበት መሆን አለበት። ርካሽ ቀፎዎች አንድ ማይክ ብቻ ሲኖራቸው፣ የተሻሉት ሁለተኛ ማይክ ጨምረው የአካባቢውን ጩኸት ይቀንሳሉ። በገበያ መሀል ለሚውል ሰው ከካሜራው ይልቅ ይህ ሁለተኛ ማይክ ይበልጥበታል።

ቀፎው ከውጭ የሚገባ ወይም በውጭ ዕቃ የሚገጣጠም በመሆኑ፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቀፎ ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለማይጠቀሙበት ነገር መክፈል ከድሮው ይበልጥ ያስቆጫል። ተራው ባለ ቁልፍ ቀፎ በጥሪ ረገድ የሚናቅ አይደለም። ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ሲወድቅ አይሰበርም፣ 2ጂ ባለበት ሁሉ ይሠራል።

የሁለት ሲም ወጥመድ

ብዙ ነጋዴ ችግሩን የፈታ የሚመስለው ባለ ሁለት ሲም ቀፎ ገዝቶ 09ኙንም 07ቱንም አንድ ላይ ሲያስገባ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ወጥመድ አለ። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ሲም ቀፎዎች የሚጠቀሙት አንድ ሬዲዮ ነው። በአንዱ ሲም ጥሪ ላይ ሳሉ ሌላው ሲም ይዘጋል። በዚያን ጊዜ የሚደውለው ደንበኛ የሚሰማው ስልኩ ተይዟል የሚለውን ሳይሆን ማግኘት አይቻልም የሚለውን ነው። ደላላው ከአንዱ ጋር ግማሽ ሰዓት ሲያወራ ሌላው ገዥ ስልኩን ዘግቷል ብሎ ወደ ተፎካካሪው ይሄዳል። ባለስልኩ ጥሪ እንዳመለጠው እንኳ ላያውቅ ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጥሪ ማዞር ነው። በጂኤስኤም ደንብ መሠረት **62* ብሎ ሌላውን ቁጥር ጽፎ በ# ዘግቶ መደወል፣ ሲሙ በማይገኝበት ጊዜ ጥሪው ወደተጻፈው ቁጥር እንዲዞር ያደርጋል። ኩባንያው የሚፈቅድ ከሆነና ጥሪ የማስጠበቅ አገልግሎቱም ከተከፈተ ሁለተኛው ደዋይ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይሰማል። የዞረው ጥሪ ሒሳብ የሚቆረጠው ከአዟሪው ስለሆነ ታሪፉን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሁለተኛውና የበለጠ አስተማማኙ መፍትሔ ሁለት ቀፎ መያዝ ነው። ለዋናው የንግድ ቁጥር ባለ ቁልፉን፣ ለሌላው ሥራና ለኢንተርኔት ስማርት ስልኩን ማድረግ። ኪስ ይከብዳል፣ ገበያ ግን አያመልጥም።

ዋናው የንግድ ቁጥር ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። በሱቁ ታፔላ ላይ የተጻፈው፣ በደንበኛው ስልክ ላይ በስም የተመዘገበው፣ ቴሌብር ወይም ኤምፔሳ የተከፈተበት እርሱ ነው። ስለዚህ ለቅናሽ ጥቅል ሲባል ዋናውን ቁጥር መጣል የሱቅን ታፔላ ነቅሎ እንደ መጣል ነው። አዲሱ መስመር ይጨመር፣ ነባሩ አይጣል።

“በቴሌግራም እንደውላለን” የሚሉ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ በቴሌግራምና በዋትስአፕ መደወል እያለ የሚል ወገን አለ። ጨርሶ ስህተት ነው አይባልም። ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቢሮ ውስጥ የኢንተርኔት ጥሪ ከተራው ጥሪ ጠርቶ ይሰማል። ዱባይና ጓንዡ ካለ አቅራቢ ጋር የሚነጋገር አስመጪ ሒሳቡም ይቀለዋል። የሰሊጥ ሻጩ ገበሬ ግን ባለ ቁልፍ ቀፎ ነው የያዘው። ሹፌሩ መንገድ ላይ ዳታ ይቆረጥበታል። የኢንተርኔት ጥሪ የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች ዳታ ሲኖራቸውና ስልካቸው ክፍት ሆኖ ሲጠብቅ ነው። ኢንተርኔት ለብቻው ሲዘጋም በዚህ አገር ደጋግሞ ታይቷል። በትግራይ ደግሞ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ተራው ስልክም ጭምር ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ፣ ተመልሶ የተዳረሰው ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ ቀስ በቀስ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የትኛውም ቀፎ አያድንም። ዕቃውን በአንድ መጋዘን ብቻ የማያስቀምጥ ነጋዴ መገናኛውንም በአንድ መንገድ ብቻ ማሰር የለበትም።

የትኛውም መስመር ቢያዝ አንድ ልማድ ግን መቅረት የለበትም። ዋጋና ብዛት በቃል ከተነገረ በኋላ ሰሚው መልሶ ይድገመው፣ ከዚያም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክ። መልእክት ድምፅ በማያልፍበት ደካማ ቦታም ያልፋል። ጠብ ሲነሣ ደግሞ ማስረጃ ይሆናል። “ስድስት ነው ያልኩት፣ ስምንት ነው የሰማሁት” የሚለውን ክርክር ሽማግሌ ከሚፈታው መልእክት ቢፈታው ይቀላል።

የተቆጣጣሪው ድርሻ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ነጋዴው በራሱ ሊያደርግ የሚችለው ነው። ይሁንና በአንድ ከተማ ውስጥ እያንዳንዱ ነጋዴ ደብተር ይዞ ጥሪ እየቆጠረ መኖር የለበትም። ጥራትን መለካትና ደንበኛን መጠበቅ አዋጁ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሰጠው ሥራ ነው። ለነጋዴው የሚጠቅመው ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጠጋጋ አንድ መቶኛ አይደለም። መርካቶ ውስጥ ከመቶ ጥሪ ስንቱ ተቆረጠ? ሳሪስስ? ሐዋሳስ? ከ09 ወደ 07 ሲደወል ስንቱ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ? እንዲህ ያለው ቁጥር በየሰፈሩና በየወሩ፣ በኩባንያ ስም ተለይቶ፣ ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ይለጠፍ። የህንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ለዓመታት የተቆረጠ ጥሪ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ መለኪያ አስቀምጦ የየኩባንያውን ውጤት ለሕዝብ ሲያወጣ ኖሯል። የማይሞከር ነገር አይደለም ማለት ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን ይጠሉት ይሆናል። ሊጠሉት ግን አይገባም። ሁለቱ በአንዳንድ ቦታ ማማ በኪራይ ይጋራሉ። መብራት ጠፍቶ የማማው ባትሪ ሲደክም ሁለቱም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ደንበኛው ግን የሚወቅሰው የያዘውን ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው የተለካና የታወጀ ቁጥር ብቻ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ አክሲዮን ለሽያጭ ሲቀርብም፣ እያንዳንዱ አክሲዮን 300 ብር ሆኖ፣ ከ47 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ገዝተው 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ተሰብስቧል። እነዚህ ሰዎች አሁን ደንበኛም ባለቤትም ናቸው። የትርፍ ድርሻቸውን ሲጠይቁ የተቆረጠውን ጥሪ መጠን አብረው ቢጠይቁ ያምርባቸዋል። ጥሪው ዘወትር የሚቆረጥበት ኩባንያ ደንበኛው ሌላ አማራጭ ባገኘበት ገበያ ውስጥ ትርፉም እንደዚያው መቆረጡ አይቀርም።

ውድድር መጣ ማለት ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ መጣ ማለት ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ውድድር የሚሠራው ገዥው ዕቃውን መመዘን ሲችል ነው። ስልክ ላይ የሚሸጠው ዕቃ ድምፅ ነው፤ ሚዛኑም ጥሪው ገባ ወይስ አልገባም፣ ተሰማ ወይስ አልተሰማም የሚለው ነው። ነጋዴው በዚህ ሚዛን መመዘን ሲጀምር ቀፎ ሻጩም፣ ኩባንያውም፣ ተቆጣጣሪውም ለዚሁ ሚዛን መልስ መስጠት ግድ ይሆንባቸዋል።